ወንበሩን አስረክቦ እውቀቱን ይዞ ይሄዳል

አንድ ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ ወይም ሥራ ሲለቅ ከመሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው የመጨረሻ ወረቀት ክሊራንስ ነው። ያንን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ንብረት ክፍል ወንበሩንና ጠረጴዛውን፣ ስቴፕለሩን ሳይቀር፣ በሞዴል 22 ወጪ ከሆነለት ጋር እያመሳከረ ይረከበዋል። ሂሳብ ክፍል ዕዳ እንደሌለበት ይፈርምለታል። ቤተ መጻሕፍት ካለም ያልመለሰው መጽሐፍ እንደሌለ ይረጋገጣል። እኛም ተማሪዎች ከግቢ ስንወጣ የምናልፍበት ስለሆነ ይህን ወረቀት በደንብ እናውቀዋለን። ታዲያ በዚያ ሁሉ ፊርማና ማኅተም መካከል «ይህ ሰው በ30 ዓመት አገልግሎቱ ያወቀውን ለማን አስረከበ?» የሚል አንድ መስመር የለም። ወንበሩ ይመለሳል፤ እውቀቱ ግን በር ላይ ያለው ጥበቃ እንኳ ሳይፈትሸው አብሮ ይወጣል።

በዚህ ጽሑፍ ይህንን ችግር በባሕር ትራንስፖርትና በሎጂስቲክስ ሥራ ላይ አንስቼ አስተያየቴን ለመስጠት እሞክራለሁ። በአሁኑ ወቅት ስለ እውቀት አስተዳደር ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ሶፍትዌር፣ ሰርቨርና ዳታቤዝ ነው። እነዚህ አያስፈልጉም የሚል የለም። የእኔ አቋም ግን ቴክኖሎጂ እውቀትን ሊያስቀር የሚችለው ርክክብ ባለበት ቤት ብቻ ነው የሚል ነው። ርክክብ በሌለበት ቤት ምርጡ ሲስተም ቢገባ የወረቀት መጋዘን ከመሆን አያልፍም።

«ባሕር አይቶ የማያውቅ የአርቦዬ ልጅ ስለ መርከብ ምን አገባው?» የሚለኝ ይኖራል። ያገባኛል። የጀጁ ገበሬ ስንዴውን ሲዘራ የሚበትነው ማዳበሪያ በመርከብ የመጣ ነው። ማዳበሪያው እንደ አሸዋ ሳይታሸግ ተጭኖ ጅቡቲ ይደርሳል፤ እዚያ በከረጢት ይሞላል፤ በመኪና ወይም በባቡር ወደ መሃል አገር ይገባል፤ ከዚያ በዩኒየንና በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል አርቦዬ መጋዘን ይደርሳል። በዚህ መንገድ ላይ የመርከቡ ሰው፣ የወደቡ ሰው፣ ትራንዚተሩ፣ የጉምሩክ ሠራተኛው፣ ሾፌሩና የመጋዘን ኃላፊው ተራ በተራ ይነኩታል። አንዱ የሚያውቀውን ሳያስረክብ ቢሄድና ተተኪው በስህተት ቀን ቢያባክን፣ ዝናቡ አይጠብቅም። በሰኔ መጨረሻ የሚፈለግ ማዳበሪያ ነሐሴ ላይ ቢደርስ ለዚያ ዓመት አልደረሰም ማለት ነው።

ነገሩን ያስተዋልኩት ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት አንድ የትራንዚት ቢሮ ነው። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። በቢሮው ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው አንድ አንጋፋ ትራንዚተር ነበሩ። እኔ ከመግባቴ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ጡረታ ወጥተዋል። ሽኝት ተደርጎላቸዋል፣ ጋቢም ተሸልመዋል። እሳቸው የሠሩበት የ10 ዓመት ሰነድ በሙሉ ስካን ተደርጎ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። ቢሮውም በዚህ ይኮራል።

እኔ እያለሁ አንድ የመለዋወጫ ዕቃ ኮንቴይነር ደረቅ ወደብ ገባ። በቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ የተጻፈው ክብደትና በማሸጊያ ዝርዝሩ ላይ ያለው አልገጠመም። ወረቀቱን ለማስተካከል ሲባል ቀናት አለፉ። የመጋዘን ኪራይ ቆጠረ፣ ዲመሬጅ ቆጠረ፣ ባለ ዕቃው ጮኸ። በመጨረሻ አንዱ ልጅ ጋሼ ጋ ደወለና ስልኩን ከፍ አድርጎ አሰማን። መልሳቸው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። «ልጆቼ፣ የሰነዱ ኮፒ ሲመጣ መጀመሪያ ክብደቱን ነው የምታመሳክሩት። መርከቡ ገና ባሕር ላይ እያለ ለወኪሉ ብትጽፉ ቶሎ ይስተካከላል። ዕቃው ከገባ በኋላ ግን ስንት ፊርማ እንዳለው እናንተው እያያችሁት ነው» አሉ። «ጋሼ፣ ታዲያ ለምን ይህን አልነገሩንም?» ሲባሉ «ማን ጠይቆኝ ያውቃል?» ብለው ሳቁ።

እኔን የገረመኝ የልጆቹ አለማወቅ ሳይሆን የኮምፒውተሩ አለመርዳት ነው። ጋሼ የጻፉት ደብዳቤ ሁሉ እዚያ አለ። ለወኪሉ የላኩት የማስተካከያ ጥያቄም ሳይኖር አይቀርም። ለምን እንደጻፉት፣ ምን አይተው እንደተጠራጠሩ፣ ለምንስ ያንን ከሁሉ አስቀድመው እንደሚሠሩ ግን የለም። በክፍል ስንማር ማይክል ፖላኒ ያነሳውን፣ ኋላም ኖናካና ታኬውቺ የተባሉት ጃፓናውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስፋፉትን፣ ግልጽ እውቀትና ስውር እውቀት የሚባለውን ክፍፍል ለፈተና ሸምድደነዋል። ግልጹ ወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ ስውሩ እጅና ዓይን ውስጥ ይቀመጣል። የእኛ መሥሪያ ቤቶች «ዲጂታል ሆንን» ሲሉ ብዙውን ጊዜ ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት ግልጹን ብቻ ነው።

መርከበኞች እንዴት ያደርጋሉ?

እዚህ ላይ ራሱ የመርከብ ሙያ የሚያስተምረን ነገር አለ። መርከብ ላይ የሚሠራ መኮንን ኮንትራቱ የወራት ነው። ሲያልቅ አንዱ ወደብ ላይ ይወርዳል፣ ሌላው ይሳፈራል። ወራጁና ተተኪው የሚገናኙት አንዳንዴ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ስለዚህ የመርከብ ሥራ የተደራጀው «ይህ ሰው ነገ ይሄዳል» ከሚል ሐሳብ ተነስቶ ነው። የጉዞ መዝገብ በየሰዓቱ ይሞላል። ካፒቴኑ ከመተኛቱ በፊት የሌሊት ትእዛዙን በደብተር ይጽፋል፣ ተረኛ መኮንኖቹም አንብበው ይፈርሙበታል። ወራጁ ለተተኪው የርክክብ ማስታወሻ ይተዋል፤ «ሁለተኛው ፓምፕ ሲሞቅ ይንጫጫል፣ አትደንግጥ፤ የግራው ቫልቭ ግን ከጠበቀ አስቸጋሪ ነው» የሚል ዓይነት። በዛሬዎቹ መርከቦች ደግሞ የጥገና ታሪክ በኮምፒውተር ፕሮግራም ይያዛል። እያንዳንዱ ማሽን መቼ እንደተከፈተ፣ ምን እንደተገኘበት፣ ምን እንደተቀየረለት ይጻፋል። አዲሱ መሐንዲስ ከማኒላም ይምጣ ከባሕር ዳር፣ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው። ፕሮግራሙ የሚጠቅመው ሥር የሰደደ የርክክብ ልማድ ላይ ስለተተከለ ነው። የእኛ ቢሮዎች ግን «ይህ ሰው ሁልጊዜ አለ» በሚል ሐሳብ የተደራጁ ናቸው። ሰውዬው ሲሄድ የምንደነግጠውም ለዚህ ነው።

የመርከብ ዓለም ይህን ያለ ዋጋ አልተማረም። «ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ» የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1987 ከቤልጅየሙ የዜብሩጅ ወደብ ስትነሳ የመኪና መግቢያ በሯ ሳይዘጋ ቀርቶ ውሃ ገባባትና በደቂቃዎች ውስጥ ተገለበጠች። 193 ሰዎች ሞቱ። የሚያሳዝነው፣ በሩ መዘጋቱን የሚያሳይ መብራት ካፒቴኑ ባለበት ክፍል ይተከል ብለው የኩባንያው ካፒቴኖች ከአደጋው በፊት ለቢሮ አመልክተው ነበር። እውቀቱ ሠራተኛው ዘንድ ነበረ፤ የሚቀበለው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 የደኅንነት አስተዳደር ደንብ አጸደቀ፤ ከ1998 ጀምሮም ደረጃ በደረጃ ግዴታ ሆነ። ደንቡ መርከቡና የየብሱ ቢሮ ስህተትንና ለጥቂት የተረፉበትን አደጋ እየተነጋገሩ እንዲመዘግቡ ያስገድዳል። በለንደን የሚገኘው የመርከበኞች የሙያ ማኅበር ደግሞ ከ1992 ጀምሮ መርከበኞች ስማቸው ሳይገለጽ የደረሰባቸውን እንዲያካፍሉ የሚያደርግ «ማርስ» የሚባል አሠራር አለው።

ከሁሉ የሚመስጠኝ ግን ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን የተሠራው ነው። ማቲው ሞሪ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን እ.ኤ.አ. በ1842 የካርታና የመሣሪያ ማከማቻ ኃላፊ ሆኖ ሲመደብ፣ ማንም የማያነበው የአሮጌ ጉዞ መዝገብ ክምር አገኘ። እየገለጠ ነፋሱን፣ ሞገዱን፣ ቀኑን ለቀመና በ1847 የነፋስና የሞገድ ካርታ አወጣ። ከዚያ ለንግድ መርከብ ካፒቴኖች ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነበር፤ የጉዞ መዝገባችሁን በዚህ ቅጽ ሞልታችሁ ላኩልኝ፣ እኔ ካርታውን በነጻ እልክላችኋለሁ። ካፒቴኖቹ ላኩ። ካርታው እየበለጸገ፣ ጉዞውም እያጠረ ሄደ። የሰጠ ሰው መልሶ አገኘ፤ ስለዚህ መስጠቱን አላቆመም። ዛሬ ስንት ሚሊዮን ብር የወጣባቸው ሲስተሞች ባዶ የሚቀሩት ይህች ነገር ስለጎደለቻቸው ይመስለኛል።

የእኛስ ታሪክ?

የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ የተቋቋመው በ1956 ዓ.ም. ነው። ለብዙ ዓመታት አሰብና ምጽዋ ላይ የሠሩ ካፒቴኖች፣ መሐንዲሶች፣ የክሬን ሠራተኞችና ትራንዚተሮች ነበሩን። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ሥራው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ከወጪና ገቢ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። በ1990 ዓ.ም. የ33 ዓመት ጎልማሳ የነበረ የአሰብ ሠራተኛ ዛሬ ከጡረታ ዕድሜ ደርሷል። ስለ ባሕር በር በየሻይ ቤቱ እንከራከራለን። ነገር ግን ያን ሁሉ ሥራ በአንድ ሌሊት ከአንድ ወደብ ወደ ሌላ ያዞሩትን ሰዎች ቁጭ አድርገን «እንዴት አደረጋችሁት? ምኑ ላይ ተሳሳታችሁ?» ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

በ2004 ዓ.ም. የመርከቡ፣ የባሕርና ትራንዚቱ እንዲሁም የደረቅ ወደቡ ድርጅቶች ተዋህደው አንድ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ድርጅት ሆኑ። እንዲህ ዓይነት ውህደት ሲደረግ ንብረትና ሂሳብ ይቆጠራል። ሦስት ቤት ውስጥ ተበትኖ የነበረ የሙያ ልምድ ግን በቆጠራ አይያዝም፤ ካልተጠየቀ ዝም ብሎ ይቀራል።

ባቡሩም እንዲሁ ነው። የድሮው የፈረንሳዮች ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። የድሬዳዋ ወርክሾፕ ሠራተኞች ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ፣ ፈረንሳይኛውን ጭምር፣ ሲያወርሱ ኖረዋል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የቻይና ኩባንያዎች ለ6 ዓመት ከኢትዮጵያና ከጅቡቲ ሠራተኞች ጋር ሲያንቀሳቅሱት ቆይተው በ2016 ዓ.ም. ለእኛ ሰዎች አስረከቡ። ሞተሩ ተለውጧል፣ ሐዲዱም ተለውጧል። ይሁን እንጂ በረሃው ያው ነው። ጎርፉ በየት በኩል ይመጣል? ከብትና ግመል በየትኛው ወር የት ጋ ይሻገራል? ይህን ለአዲሱ ሾፌር ሊነግሩት የሚችሉት ድሬዳዋ ጥላ ሥር የተቀመጡት አዛውንቶች ናቸው።

ለመቃወም የሚነሱ ሐሳቦች

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳነሳ ሦስት ተቃውሞ ገጠመኝ፤ ሦስቱም ቁም ነገር አላቸው።

የመጀመሪያው «የሚያውቀውን የሰጠ ወንበሩን ሰጠ» የሚል ነው። ሠራተኛው የሚደብቀው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን እንጀራው ስለሆነ ነው። እውነት ነው። ለዚህ መልሱ ስብከት ሳይሆን የሞሪ ውል ነው። ያካፈለ ሰው በምላሹ ምን ያገኛል? ለማስተማር የዋለበት ሰዓት እንደ ሥራ ይቆጠርለት። ስሙ በመዝገቡ ላይ ይጻፍለት። ጡረታ ከወጣም በኋላ በአሠልጣኝነት እየተጠራ አበል ይከፈለው። ስህተቱን የተናገረም አይቀጣ፤ ከተቀጣ ሁለተኛ የሚናገር አይገኝም።

ሁለተኛው «የድሮ እውቀት ዛሬ ምን ያደርጋል? አሲኩዳ ቀርቶ አዲስ የጉምሩክ ሲስተም ገባ፤ በ2012 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት አገልግሎት ተጀመረ» የሚል ነው። በተኑ ተለውጧል፣ ልክ ነው። ጋሼ ክብደት እንዲመሳከር የነገሩን ግን ለየትኛውም ሲስተም ይሠራል። ጊዜ ያለፈበት እንዳያሳስተን ደግሞ እያንዳንዱ ማስታወሻ ቀን ይኑረው፤ በዓመት አንድ ጊዜ እየታየ የማይሠራው ይሰረዝ።

ሦስተኛው ይከብዳል። «አንጋፋዎቹ የሚያውቁት ግማሹ እኮ ማን ጋ መደወል እንዳለበት ነው» አለኝ አንዱ። ይህንንም መካድ አይቻልም። ጉዳይ በዘመድና በትውውቅ የሚያልቅ ከሆነ ያ እውቀት ተጽፎ ሊቀመጥ አይገባውም። እኔ ግን መጻፉ ይበጃል እላለሁ፤ ምክንያቱም ሲጻፍ ራሱን ያጋልጣል። «ይህ ፊርማ ያለ ስልክ አያልቅም» ተብሎ የተመዘገበ ቦታ፣ አሠራሩ መስተካከል ያለበት ቦታ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አላነሳም። ሠራተኞች ዛሬም በቴሌግራም ግሩፕ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ጅቡቲ ያለው ሾፌር መንገዱን በድምፅ ይናገራል፣ ሞጆ ያለው ይሰማል። ይህ ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን መልእክቱ በማግስቱ በሌላ መልእክት ይቀበራል፣ ስልኩ ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። መሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው መድቦ ጠቃሚውን በርእስና በቀን እየለየ ቢያስቀምጥ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ቀሪው ግማሽ ክሊራንሱ ነው። አንድ መስመር ይጨመርበት፤ «ሥራውን ለተተኪው አስረክቧል» የሚል፣ ተተኪው ራሱ የሚፈርምበት። ፊርማው በመጨረሻው ቀን ሳይሆን ከሦስት ወር በፊት ይጀመር፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ስልክ ይቀዳ። ጥያቄዎቹ ቀላል ይሁኑ። ሰነድ ሲመጣልህ መጀመሪያ ምን ታያለህ? ምን ስታይ ትጠራጠራለህ? መጨረሻ የተሳሳትከው ምን ላይ ነው? ሰውየው በሚመቸው ቋንቋ ይናገር፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በአፋርኛ። መመሪያው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሥራው የሚሠራው ግን በእነዚህ ቋንቋዎች ነው። ለቅጽ እንግዳ የሆነ ሰው ለስልክ ብዙ ያወራል።

ለእኛ ለዲፓርትመንቱም ድርሻ አለን። በየዓመቱ ስንት ተማሪ ለተግባር ልምምድ ይወጣል? የምናመጣው ሪፖርት የድርጅቱ አመሠራረት፣ ራእይና ተልእኮ ከብሮሹር የተገለበጠበት ነው፤ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። መምህሮቻችን ቢፈቅዱ በሪፖርቱ ውስጥ «ከሠራተኛ የተማርኩት» የሚል ሁለት ገጽ ግዴታ ይሁን፤ ከሰውየው ፈቃድ ጋር፣ የደንበኛ ምስጢር ሳይነካ። ቅጂው ለተናገረው ሰው ይሰጠው። ቀጣዩ ባች ከመውጣቱ በፊት የፊተኛውን ያንብብ። በአምስት ዓመት ውስጥ በየትኛውም መጽሐፍ ቤት የማይገኝ የአገራችን የሎጂስቲክስ ልምድ በእጃችን ይሆናል።

እኔ በበኩሌ ጋሼ ጋ እንደገና ደውዬ አንድ ቅዳሜ ቡና ቀጥረውኛል። ስልኬን ቻርጅ አድርጌ እሄዳለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን እናንተም በምታውቁት መሥሪያ ቤት ዘንድሮ ጡረታ የሚወጣውን አንድ ሰው አስቡ፤ ወንበሩን ከመመለሱ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁት።